ከጅጣ ገደል እስከ ሊማሊሞ፦ የጠመዝማዛ መንገዶቻችን ታሪክ

ሊማሊሞን የወረደ ሰው መንገዱን ማን ሠራው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ ጣሊያን። ጣርማበርም እንደዚሁ፣ ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚያወጣው ግራካሕሱም እንደዚሁ። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ታሪኩን ግን ከመሀሉ ይጀምረዋል። በኢትዮጵያ ገደል ላይ ለመንኰራኩር የሚሆን ጠመዝማዛ መንገድ የተቆረጠው የሙሶሊኒ መሐንዲሶች ከመምጣታቸው 70 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ያስቆረጠውም ኢትዮጵያዊ ንጉሥ ነው። ታሪኩን ከዚያው ከመነሻው እንያዘው።

ከዚያ በፊት የአገሩ መንገድ የበቅሎ መንገድ ነበር። ጨው፣ ቡና፣ ሰም፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሁሉም በእንስሳ ጀርባና በሰው ትከሻ ይወጣና ይወርድ ነበር። በቅሎ ደረጃ የመሰለ ድንጋይ ትወጣለች፤ እግሯን የምታሳርፍባት ስንዝር መሬት ካገኘች ገደል አፋፍ ላይ ትሄዳለች። ስለዚህ የቀድሞ ሰው ዳገት ሲገጥመው ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር፤ ጥቂት መጠማዘዝ የሚያስፈልገው ትንፋሽ ሲያጥረው ብቻ ነው። መንኰራኩር ይህን አይችልም። የተጫነ ተሽከርካሪ ሳይቸገር እንዲወጣ ከተፈለገ መንገዱ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ማለት አለበት። በዚህ ሒሳብ 1,000 ሜትር ከፍታ ያለውን ገደል ለመውጣት ከ14 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ያስፈልጋል። ገደሉ ግን ከጫፍ እስከ ግርጌ በአግድሞሽ ቢለካ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ትርፉ ርዝመት የት ይቀመጣል? መንገዱ ወደ ቀኝ ሄዶ ይታጠፋል፣ ወደ ግራ ሄዶ ይታጠፋል፣ እንደገና ይታጠፋል። ኩርባ የሚባለው ነገር መነሻው ይኸው ሒሳብ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ሒሳብ የተጋፈጡት በ1860 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የመድፍ መሥሪያ አቋቁመው ነበር። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን የመሳሰሉ የወንጌል ሰባኪነት ተልእኮ ይዘው የመጡ አውሮፓውያን እጀ ጥበበኞች በንጉሡ ትእዛዝ መድፍ ወደ መሥራት ገቡ። የመጨረሻው ሥራቸው ሴባስቶፖል ነበር፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ትልቅ መድፍ። መድፉ ሲያልቅ ግን አገሩ ከንጉሡ እጅ እየወጣ ነበር። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ከያዙ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ፣ ጎጃም በተድላ ጓሉ እጅ ነው። በዚያ ላይ በመቅደላ የታሰሩትን ቆንስል ካሜሮንን፣ ራሳምንና ሌሎቹን አውሮፓውያን ለማስለቀቅ የእንግሊዝ ጦር በባሕር እንደሚመጣ ተሰምቷል። ንጉሡ የቀራቸው አንድ አምባ መቅደላ ብቻ ነው። ወደዚያ ለመሄድ ወሰኑ፤ ሴባስቶፖልንም ጥለው ላለመሄድ ወሰኑ።

በመስከረም መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። በደብረ ታቦርና በመቅደላ መካከል ዋድላና ደላንታ የሚባሉ ደጋማ ሜዳዎች አሉ፤ ሜዳዎቹን የሚቆራርጧቸው ደግሞ ጅጣና በሽሎ ናቸው። ሁለቱም ወንዞች ከ1,000 ሜትር በላይ ጠልቀው ይፈሳሉ። በቅሎኛ ይወርዳቸዋል፣ ይወጣቸዋል። በሠረገላ ላይ ለተጫነ 7 ቶን ብረት ግን መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሠራዊቱ መንገድ ሠሪ ሆነ። ዐለቱ እየተፈረከሰ፣ ድንጋዩ እየተደለደለ፣ ዛፉ እየተቆረጠ፣ ገደሉን በአግድሞሽ እየገመሰ የሚወርድ መንገድ ተሠራ። መድፉን 500 ያህል ሰው በጠፍር ይጎትተዋል፤ ሲወርድ ደግሞ እንዳያመልጥ ከኋላ ይይዘዋል። ንጉሡም ከሰው ቀድመው ድንጋይ በእጃቸው ያነሡ እንደነበር ያዩአቸው ሰዎች መስክረዋል። በብዙ ቀን የሚጓዙት ሌላ ጊዜ በጥቂት ሰዓት የሚታለፈውን ነው። ሠራዊቱም በየቀኑ እየከዳ ያንስ ነበር፤ ቀለብ ጠፍቷል፣ ሽፍታው በዙሪያው ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። በዚያ ሰዓት ቴዎድሮስ የሠለጠነ የመንገድ መሐንዲስ አልነበራቸውም። አጠገባቸው የነበሩት አውሮፓውያን የእጅ ሙያ ያላቸው ሰባኪዎች እንጂ የተራራ መንገድ ቀያሾች አይደሉም። ቁልቁለቱ ምን ያህል መላላት እንዳለበት፣ መታጠፊያው ምን ያህል መስፋት እንዳለበት የሚነግራቸው መጽሐፍ የለም፤ የሚነግራቸው መድፉ ራሱ ነበር። የማይወርድበት ከሆነ መንገዱ እንደገና ይቆረጣል። በእኔ አስተያየት በመላው የቴዎድሮስ ዘመን ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚስተካከል የለም፤ ከመድፉም ይበልጣል። መድፉ በስም ይታወቃል፣ ቅጂው አዲስ አበባ አደባባይ ላይ ቆሟል። መንገዱ ግን ስም እንኳ የለውም።

ከስድስት ወር ጉዞ በኋላ፣ በመጋቢት፣ ሴባስቶፖል መቅደላ ደረሰ። በዚያው ሰሞን የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ በሰናፌ፣ በትግራይና በላስታ በኩል እየገሠገሠ ነበር። 13,000 ያህል ወታደር፣ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጭነት እንስሳት ይዞ ነው የመጣው። ይህ ጦር ጅጣ ገደል ሲደርስ የንጉሡን መንገድ አገኘ፤ ወረደበት፣ ወጣበት፤ በሽሎንም በዚያው ተሻገረ። ከጦሩ ጋር የመጣው የመልክዐ ምድር ሊቅ ክሌመንትስ ማርክሃም ወደ አገሩ ተመልሶ በጻፈው የዘመቻው ታሪክ ይህን መንገድ ከልቡ አድንቆታል። አድናቆቱ ከጠላት ወገን መምጣቱ ክብደቱን ይጨምረዋል። ለሴባስቶፖል የተቆረጠው መንገድ የናፒየርንም ጦር ወደ መቅደላ ማቅረቡ የዚያ ዘመን አንዱ መራራ ነገር ነው። ሚያዝያ 3፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። ሚያዝያ 6፣ በፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ ተያዘ፤ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ እዚያው አምባ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በጅጣና በበሽሎ ላይ መንኰራኩር የሚያሳልፍ ንጉሥ ለረጅም ጊዜ አልተነሣም።

ቀጣዩ ምዕራፍ የተጀመረው ኢጣሊያ በያዘቻት ምጽዋ ላይ ነው። በጥር 1879 ዓ.ም. የኢትዮጵያው የጦር አዛዥ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ 500 ያህል የኢጣሊያ ወታደሮች የነበሩበትን ጦር ደመሰሱ። ኢጣሊያ የተማረችው ትምህርት ግልጽ ነበር፤ ጦርና ስንቅ በፍጥነት የሚያደርስ መንገድ ከሌለ ደጋውን መያዝ አይቻልም። ወዲያው ከምጽዋ ወደ ሰሐጢ የሚሄድ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ። ሐዲዱ በዝግታ ሽቅብ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1904 ጊንዳዕ፣ በ1911 መጨረሻ ደግሞ አሥመራ ደረሰ። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ይወጣል። የሐዲዱ ስፋት 95 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ጠባብ ሐዲድ ጠባብ ኩርባ ስለሚችል ነው የተመረጠው። ተራራውን እየዞረ፣ በዋሻ እየገባ፣ በቅስት ድልድይ እየተሻገረ ይወጣል፤ ተጓዡም ቀድሞ ያለፈበትን ሐዲድ ከታች እያየ ይሄዳል። ድንጋዩን የጠረበውና አፈሩን የዛቀው አብዛኛው ሰው የአገሩ ልጅ፣ ኤርትራዊ ነው።

በዚያው ዘመን ከጅቡቲ የተነሣው የፈረንሳዮች ባቡር ሌላ ብልሃት መረጠ። ገደሉን አልተጋፈጠም፤ በድሬዳዋና በአዋሽ ሜዳ ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ገንዘብ ለሚያስብ ኩባንያ ትክክለኛው ውሳኔ ነበር። ሰሜኑ ግን በበቅሎው ቀረ።

ኢጣሊያኖች ይህን ጥበብ የት ተማሩ? ከራሳቸው ተራሮች ነው። የኦስትሪያ መንግሥት ሎምባርዲያን ይገዛ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1820 እስከ 1825፣ ካርሎ ዶኔጋኒ የተባለ መሐንዲስ በስቴልቪዮ ተራራ ላይ መንገድ ሠራ። ከፍታው 2,757 ሜትር ነው። በሰሜናዊው ተዳፋት ብቻ 48 ኩርባዎች አሉት፤ እያንዳንዱም ቁጥር ተሰጥቶታል። በረዶ የሚከምርበት፣ ናዳ የሚወርድበት ተራራ ነው፤ መንገዱ ግን ዛሬም መኪና ያሳልፋል። የዶኔጋኒ ብልሃት ከጅጣው ብልሃት በመሠረቱ አይለይም፤ ርዝመትን በከፍታ መለወጥ ነው። ልዩነቱ ዶኔጋኒ ካርታ፣ ደመወዝና ሰላም የነበረው መሆኑ ነው። ኋላም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኢጣሊያና ኦስትሪያ በእነዚሁ ተራሮች ላይ ሲዋጉ፣ የኢጣሊያ ጦር ለመድፍና ለስንቅ ሲል ገደል ላይ መንገድ መቁረጥን የዕለት ሥራው አድርጎት ነበር። ኢትዮጵያን ሲወርር ይህን ሙያ ይዞ መጣ።

ከወረራው በፊት ግን መንግሥታችን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ1928 ከኢጣሊያ ጋር በተፈረመው የወዳጅነት ውል ከአሰብ ወደ ደሴ መንገድ እንዲሠራ ስምምነት ነበረ፤ በተግባር ሳይውል ቀረ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በበኩላቸው አዲስ አበባን ከደሴ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ አስጀምረው ነበር። ያልተደላደለ፣ ክረምት ሲገባ የሚዘጋ መንገድ ነው፤ ቢሆንም ጣርማበርን ወጥቶ ይሻገር ነበር።

የኢትዮጵያ ጦር በማይጨው ከተፈታ በኋላ፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም.፣ የወራሪው ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ደሴ ገባ። ሚያዝያ 18 ቀን 1,700 ገደማ መኪናዎች አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ይህን ሰልፍ ያቆመው ጣርማበር ነው። ከደብረ ሲና በላይ ያለውን ገደል የሚወጣው መንገድ ተንዶ ጠበቀው። መኪናዎቹ ከዳገቱ ሥር ተኮልኩለው ቆሙ፤ ወታደሮቹ በዝናብና በጭቃ ውስጥ ድንጋይ እየተቀባበሉ ጠገኑት፤ ሁለት ቀን ያህል ፈጀባቸው። በዚያ ዘመቻ መጨረሻ ላይ ያን ግዙፍ ሰልፍ የያዘው አንድ የተናደ የተራራ መንገድ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሚያዝያ 27 ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ።

ሙሶሊኒ ብዙም ሳይቆይ የመንገድ ዕቅድ አወጀ፤ ወደ 2,800 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያላቸው ዋና ዋና መንገዶች ነበሩ። ምክንያቱ ልማት አልነበረም። የተያዘው ከተማው እንጂ አገሩ አልነበረም፤ ጦር በፍጥነት ካልደረሰ አርበኛውን መቋቋም አይቻልም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከኢጣሊያ መጡ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ደግሞ እጅግ ባነሰ ደመወዝ አብረው ሠሩ። የኢጣሊያኖቹ ስም በየቦታው በተተከለ የእምነበረድ ጽሑፍ ቀርቷል። የሌሎቹ አልተጻፈም።

ጣርማበር ላይ ያ የሁለት ቀን እንቅፋት እንዳይደገም የተራራው አናት ተበሳ። 587 ሜትር የሚረዝም ዋሻ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኝ፤ የሙሶሊኒን ስም ሰጡት። ከደብረ ሲና ወደ ዋሻው የሚወጡት ኩርባዎች ዛሬም አሉ፤ ጉም በያዛቸው ቀን መኪና መብራት አብርቶ ነው የሚያልፋቸው። በአምባላጌም መተላለፊያውን በቶሴሊ ስም ጠሩት፤ በኅዳር 1888 ዓ.ም. እዚያው ተራራ ላይ በኢትዮጵያ ጦር የተገደለው መኮንን ነው። ወራሪው ተራራውን ለሁለተኛ ጊዜ ሲይዘው የመጀመሪያውን ሽንፈቱን በስም ሊያጥብ ሞከረ ማለት ነው።

ሊማሊሞ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ከጎንደር በደባርቅ አድርጎ ወደ አክሱም የሚሄደው መንገድ ወልቀፊት ሲደርስ መሬቱ ያልቃል። ከፊት ለፊት የሰሜን ተራሮች ሾጣጣ ድንጋዮች እንደ ተሰበረ ገል ተበትነው ይታያሉ፤ ከእግር ሥር ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ገደል ነው። መንገዱ በዚህ ገደል ፊት ላይ ተቆርጧል። እዚህ የሠሩት ሰዎች ሙያ በዝርዝሩ ውስጥ ይታያል። ኩርባው ላይ መንገዱ ይሰፋል፤ የረጅም መኪና የኋላ ጎማ የፊቱን ጎማ ፈለግ ስለማይከተል ወደ ውስጥ ይቆርጣልና። ኩርባው ላይ ዳገቱ ላላ ይላል፤ ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር ሞተሩ እንዳይታነቅ ነው። በታችኛው ወገን ጠርብ ድንጋይ ተደራርቦ የድጋፍ ግንብ ይቆማል፤ በላይኛው ወገን የውሃ ቦይ ይቆፈራል። ቦዩ ከተዘጋ ክረምቱ ግንቡን ገፍቶ ይጥለዋልና፤ የተራራ መንገድን የሚገድለው ከመኪና ይልቅ ውሃ ነው።

ይህን ገደል ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ ሹፌሮችና ረዳቶች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ትሬንታ ኳትሮ በሚባለው የጭነት መኪና ዘመን የተጫነ መኪና ጠባቡን ኩርባ በአንድ ጊዜ አይታጠፈውም ነበር። ወደፊት ይመጣል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ወደፊት። ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ ጎማ አጠገብ ይቆማል፤ መኪናው ወደ ገደሉ እንዳይንሸራተት ታኮውን ሥር ሥሩ ያደርጋል። ሲወርዱ በፍሬን ብቻ መውረድ ሞት ነው፤ ፍሬኑ ይግልና አልይዝ ይላል። ልምድ ያለው ሹፌር በከባድ ማርሽ፣ በሞተሩ እየያዘ ነው የሚወርደው። ያንን ባለማወቅ የጠፋ ሕይወት ብዙ ነው።

አርበኛውም መንገዱን እንደ ሠሪዎቹ አወቀው። መኪና ኩርባ ላይ ይዘገያል፤ ከኋላ ያለው የፊተኛውን አያይም። በመንዝና በተጉለት የራስ አበበ አረጋይ ሰዎች፣ በበጌምድርም ሌሎች፣ የሚያደፍጡት እንዲህ ባለ ቦታ ነበር። ስለዚህ ኢጣሊያ በየመተላለፊያው ምሽግ ሠራች፤ ወልቀፊት አንዱ ነው። በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞችና አርበኞች በየአቅጣጫው ሲመጡ የኢጣሊያ ጦር ወደነዚሁ መተላለፊያዎች አፈገፈገ። የኢጣሊያው እንደራሴ፣ የአኦስታው መስፍን፣ በግንቦት አምባላጌ ላይ እጁን ሰጠ። የወልቀፊት ምሽግ ግን በራስ ዳሸን አገር ገደል አፋፍ ላይ ክረምቱን ሙሉ ቆየ። ደጃዝማች አያሌው ብሩና ሌሎች አርበኞች ዙሪያውን ይዘው አስጨንቀውት ነበር፤ በመስከረም 1934 እጁን ሰጠ። ከሁለት ወር በኋላ፣ በኅዳር፣ ጎንደር ወደቀ። በምሥራቅ አፍሪካ የኢጣሊያ ግዛት በዚያ አበቃ።

ከነጻነት በኋላ መንገዶቹ የእኛ ሆኑ፤ ጥገናውም የእኛ ሆነ። በጦርነቱ ድልድዮች ፈርሰዋል፣ ቦዮች ተደፍነዋል፤ አሥር ክረምት ያለ በቂ ጥገና ያለፈባቸው የድጋፍ ግንቦች መናድ ጀምረዋል። በመስከረም 1943 ዓ.ም. መንግሥት ለመንገድ የሚውል 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ከዓለም ባንክ ተበደረ። ባንኩ ለአፍሪካ አገር ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ መጀመሪያ የአሜሪካ መሐንዲሶች መሩት፣ ቀስ በቀስ ኢትዮጵያውያን ተኩ። ሴባስቶፖል በተጎተተ በ83 ዓመቱ አገሪቱ የራሷን የመንገድ ባለሙያዎች በተቋም ደረጃ ማፍራት ጀመረች።

እነዚህን ባለሙያዎች ከሁሉ አብልጦ የፈተናቸው የዓባይ ሸለቆ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ ደጀን፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን ርቀት ውስጥ 1,400 ሜትር ያህል ወርዶ ያንኑ ያህል መውጣት አለ። ቁልቁለቱ ብቻውን አያስቸግርም፤ አፈሩ ይሄዳል። ክረምት በመጣ ቁጥር የተዳፋቱ መሬት ቀስ እያለ ወደታች ይንሸራተታል፤ አስፋልቱ ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል፤ ኩርባው ካለበት ቦታ ይነቃነቃል። ዓባይ ላይ በየዓመቱ እንደ አዲስ መሥራት ይጠይቃል። የጃፓን መንግሥት መንገዱን በማደስና የመሬት መንሸራተቱን በማጥናት ረድቷል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያም 303 ሜትር የሚረዝመው የህዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ ተመርቆ ተከፈተ። ድልድዩ ወንዙን መሻገሩን አቅልሏል። ኩርባዎቹ ግን አሁንም አሉ፤ ከባድ ተሽከርካሪዎች አሁንም በማርሽ ይወርዷቸዋል።

የመንገድ ታሪካችንን የሚጽፉና የሚያስተምሩ ሰዎች ከ1928 ሳይሆን ከ1860 ዓ.ም. ይጀምሩ። ማርክሃም ጽፎታል፤ ከናፒየር ጦር ጋር የመጡት መኮንኖችም ጉዞውን ቀን በቀን መዝግበዋል። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎቻችን እነዚህን መዛግብት ይዘው ወደ ዋድላና ደላንታ ይውረዱ፤ መስመሩን ይለኩ፣ ቁልቁለቱን ያስሉ፣ በካርታ ላይ ያኑሩት። የመንገድ አስተዳደሩም በጅጣና በበሽሎ አፋፍ ላይ፣ በዚህ ገደል ለመጀመሪያ ጊዜ የመንኰራኩር መንገድ የቆረጡትን የ1860 ዓ.ም. ሠራተኞች የሚያስታውስ ጽሑፍ ይትከል።